ያልተሰናዳችው ስንዱ

ስሜ ስንዱ ነው፤ እናቴ ስታወጣልኝ
መሰናዳት እንጂ መርበትበት አልተመኘችልኝ።
ግን ይኸው ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አያባራም፤
ሥልጠናው ሦስት ሳምንት ቀረው፤ ልቤ አልተሰናዳም።
ከፖርቱጋል ምድር ሊመጣ ነው አሉ
ፈረስ የሚያነብ ሰው፤ ዝናውን ያወራሉ።
ስምንት ጋላቢዎች በብዕር ተጽፈው፣
እኔ ዘጠነኛ፣ በእርሳስ ነኝ ከሥራቸው።

ቀን ቀን አውቶቡስ ነው፣ ከጣቢያው እስከ ዳር፣
በፌርደን ከተማ፣ በአምስት ቁጥር መስመር።
ለሃያ ዓመት ሙሉ እጄ የተማረው
መያዝ ነው፣ ማጥበቅ ነው፣ ወዲያ ማዞር ነው።
መሪ አይከፋውም፤ ፍሬን አይቀየምም፤
የባዝራዋ አፍ ግን ይህን አይችለውም።
ዛቡን ስጨብጠው፣ እንደ መሪ ስይዘው፣
አንገቷን ታደርቃለች፤ ጀርባዋም እንጨት ነው።

ፌንያ ነው ስሟ፤ ዳማ ናት፣ ግንባረ ቦቃ፣
ዐሥራ ሰባት ዓመት የሰው ስህተት ዐውቃ፣
ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ታዳምጠኛለች፤
“ጨረስሽ ወይ?” የምትል ትመስላለች።

ኢልዘ ቡርማን አለች፣ የጋጣው ባለቤት፣
በቦት ጫማ የምትኖር፣ በበጋ በክረምት።
ድምጿ ጠጠር ነው፤ ትዕግሥቷ ከኅዳር ቀን ያጥራል፤
“እርካቡን አውጪው” አለች፤ “ሰነፍ ያባብላል።”
ሁለት የአምስት ዩሮ ኖት ከኪሴ አስወጣችኝ፣
ግራና ቀኝ ከጉልበቴ ሥር ሻጠችልኝ፤
“ከወደቀ የእኔ ነው” አለች፣ ሳትስቅልኝ።

ሶምሶማ ጀመርን፤ ገና አንድ ዙር ሳልሞላ
አምስት ዩሮ በረረች፤ ተከተለች ሌላ።
ጎንበስ ብላ አንስታ፣ ካፖርቷ ኪስ ከትታ፣
“ነገም ይዘሽ ነይ” አለች፣ መብራቱን አጥፍታ።

ማክሰኞ ብልጥ ሆንሁ፤ ጉልበቴን አጠበቅሁ፤
ገንዘቤን አዳንሁት፤ ባዝራዋን አስቆጣሁ።
መቆንጠጤ ለእሷ “ሩጪ” መስሏት ኖሮ
ሽምጥ ወሰደችኝ፣ አዳራሹ ዞሮ፣ ዞሮ።
“ሳትለቂ ልቀቂ” አለች ኢልዘ። “እንዴት?” ስላት፣
“እሱን እኔ አላውቅም፤ ፌንያን ጠይቂያት።”

ሠላሳ ዩሮ ከሰርሁ በአንደኛው ሳምንት፤
በሁለተኛው ሃያ። ይህም አይደል ዕድገት?
ማታ የወጥ ቤቴን ወንበር ኮርቻ አስመስዬ
ትንፋሼን ቆጠርሁኝ፣ ትከሻዬን ጥዬ።
በአውቶቡሱም ላይ ቀይ መብራት ሲይዘኝ
ተረከዜ ወርዶ፣ ወገቤ ቀንቶ አየኝ።
አንድ ሽማግሌ፣ ቲኬታቸውን እያሳዩ፣
“ዛሬ ምነው ኮራሽ?” አሉኝ፣ ቁመቴን እያዩ።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ። ደክሞኝ መጣሁ፤
ድርብ ፈረቃ ሠርቼ፣ ለመፍራት አቅም አጣሁ።
እንግዳውን ረሳሁ፤ እጄም ሹፌርነቱን ተወ።
ፌንያ ትንፋሿን ለቀቀች። ረጅም። እንደ ሰው።
አንገቷ ከፊቴ እንደ ድልድይ ወጣ፤
ልጓሟን አላመጠች፤ በጀርባዋም ነፍስ መጣ።
ዛቡ ክር ሆነ፣ ገመድነቱ ቀረ፤
“አለሁ” የሚል ነገር በእሱ ተሻገረ።
ለስንት ርምጃ? ዐሥር? ዐሥራ አንድ? አልቆጠርሁም።
ከዚያ ደስ ሲለኝ ጨበጥሁ። ጠፋ። ግን አልዋሽም፣
ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ኖቶቹ አልወደቁም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጉም ከአለር ወንዝ ወጥቶ
ግጦሹን ሸፍኗል፤ እንግዳው ሰው መጥቶ
በኮፍያው፣ በዝምታው፣ ከበሩ ቆሟል።
ጋማዋን ስጎነጉን ሌሊቱ ነግቷል።
ኢልዘ ጆንያ ካሮት ይዛ ደረሰች በማለዳ፤
“ገንዘብሽ ነው” አለች፤ “የሃምሳ ዩሮ ዕዳ።”
ፌንያም አንድ በአንድ ቀርጨም እያረገች
ስህተቴን ከነአፈሩ በልታ ጨረሰች።

ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ይላል ተረቱ፤
ሜዳው ግን አሸዋ ነው፣ ባለ ጣሪያ ቤቱ።
ተረት ያወጣው ሰው ጣሪያ መች አሰበ?
እንግዳው በእርሳስ የተጻፈ ስሜን አነበበ፤
“ሲንዱ... ምን ማለት ነው?” ብሎ ወደ እኔ ቀረበ።
“ዝግጁ” ልለው ነበር፤ አፌ ላይ ሲደርስ
ፌንያ ጆሮዋን አዞረች፣ ልትሰማ መልስ።
ዛቡን በጣቶቼ እንደ ክር አነሣሁ።
“እነግርሃለሁ” አልሁት፣ “ስጨርስ።”